ከአምስት ቤት የተነጠፈ አልጋ

ጠጄ ባናውን፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር መደረቢያ፣ ለማስጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ጠጉሩን የምትሸልተው ከጥቁር በጎቿ ብቻ ነበር። ዳለቻ የተቀላቀለበት እንደሆነ «ይኼ ለተራው ልብስ፣ ለዝተት ይሁን» ብላ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። ቀለም የሚባል አላስነካችውም። በደጋን አስነድፋ፣ በእንዝርት ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔው ለወዳጆ ስትወስድለት ሰውየው ክሩን በጣቶቹ መሃል እያሳለፈ፣ «እትዬ ጠጄ፣ ይኼን ማን ሊለብሰው ነው?» አላት።

«ልጄ አመተሥላሴ ናታ! ከጥምቀት በኋላ እድራታለሁ።»

ጥድ አምባ ከሞላሌ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። በታኅሣሥ ጧት ጧት ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። በዚያ አገር ልጅን ያለ ባና መዳር ለብርድ አሳልፎ መስጠት ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ያለፋት ጠጄ ደግሞ «አባት የሌላት ልጅ እኮ ናት» የሚል ቃል በአማቶች ደጅ እንዲሰማ አልፈለገችም።

ባናው አልቆ በገባ በሳምንቱ፣ በ፲፱፻፶፬ ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ የአገሩ ገዥ የምስለኔው ጸሐፊ ዓምደ ሚካኤል ሁለት ነጭ ለባሽ ታጣቂዎች አስከትሎ ደጇ ቆመ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። የካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ወረቀት በእጁ ይዟል።

«ፊታውራሪ ውባየሁ ከአውራጃ ለጉብኝት ይመጣሉ። እዚህ ሁለት ሌሊት ያድራሉ። ባናሽ ይፈለጋል» አላት።

በእናቱ ዕድሜ ያለችውን ሴት «አንቺ» ማለቱ ጠጄን ከነገሩ በፊት አንገበገባት።

«የማን ባና?»

«ያንቺ ነዋ። ለምስለኔው ነግሬያቸው ተስማምተዋል።»

«እሳቸው ተስማሙ። ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

«አሁን እየነገርኩሽ አይደለም እንዴ? የሚፈልገው መንግሥት ነው።»

«መንግሥትም ብርድ ይመታዋል እንዴ?»

ከነጭ ለባሾቹ አንዱ ሳቁን ለማፈን ፊቱን አዞረ። ዓምደ ሚካኤል ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ገልጦ አንድ ነገር ጻፈበት። ይኼኔ አመተሥላሴ ከጓዳ ወጥታ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«እማዬ፣ ስጪው በቃ። ለሁለት ቀን አይደል? ሠርጌ ደርሷል፤ ነገር አታምጪብን።»

ጠጄ የልጇን ፊት አየች፤ ወደ ጓዳም ገባች። ባናውን ከሣጥኑ አውጥታ፣ «እንደ ሄደ እንዲመለስ» ብላ በአንደኛው ነጭ ለባሽ ክንድ ላይ ራሷ አስቀመጠችው።

ከሦስት ቀን በኋላ ያው ነጭ ለባሽ ተመልሶ መጣ። «አልጋውን የሚያነጥፍ ሰው ጠፍቶ ነው። የምስለኔው ሚስትም ‹ጠጄ ትጠራልኝ› ብለዋል» አላት። እውነት ነው፤ በጥድ አምባ የሙሽራ አልጋ የሚነጠፍ እንደሆነ የምትጠራው እሷ ነበረች። አልሄድም ለማለት አፏን ከፍታ፣ ባናዋን ማን እንደሚጎትተው ስታስብ ነጠላዋን አንስታ ተከተለችው።

የእንግዳው ክፍል ግድግዳ በነጭ አፈር ተለቅልቋል። መሃሉ ላይ ሰፊ የጠፍር አልጋ ቆሟል። በላዩ የተከመረው ልብስ ግን ለጭነት የቀረበ እንጂ ለመኝታ የተዘጋጀ አይመስልም። ባናዋ ከሁሉ ሥር ተጨፍልቆ፣ የበግ አጎዛ ላዩ ላይ ተጥሎበታል። ጠጄ ክምሩን አንድ በአንድ እያነሳች አየችው። አጎዛው፣ ሦስት ነጭ የበግ ቆዳ አንድ ላይ የተሰፋው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ የአለቃ ገብረ አማኑኤል ነው። ፍራሹና አንሶላው የነጋዴው የአፈወርቅ ነው። ጥልፍ ያለበት ትራስ የወይዘሮ ወለተ ማርያም ነው። ከዚያ አንድ ጋቢ አነሳች። ጫፉ ተቀዶ በሌላ ክር ተጠቅሟል። ጥቅማቱን ታውቀዋለች፤ አምና በገዛ እጇ የጠቀመችው ነው።

«ይኼ የእማማ ወሰኔ አይደለም?» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

ዓምደ ሚካኤል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ለእንግዳ ክብር ሲሉ ሰጡ» አላት።

«ሰጡ ወይስ ተወሰደባቸው? ሴትዮዋ ሌላ የሚለብሱት የላቸውም እኮ! ቀን ለብሰውት ይውላሉ፤ ሲመሽ ለብሰውት ይተኛሉ!»

«እንግዳው ከመግባታቸው በፊት ጨርሺ» ብሏት ሄደ።

ጠጄ ጋቢውን ይዛ ቆመች። ትታ ብትወጣ አልጋውን እንደ ክምሩ ያነጥፉታል፤ ባናዋም ከአጎዛው ሥር ይውላል። ይኼን ስታስብ እጇ ሳታዘው ሥራ ጀመረ። ጠፍሩ ላልቶ ስለነበር ውሃ ረጭታ እየሳበች አጠበቀችው። የቤቱን የላም ቁርበት ዘረጋችበት፤ በላዩ ለሽታውም ለቁንጫውም ብላ ደረቅ ጦስኝ በተነችበት። ፍራሹን ደጅ አውጥታ እየመታች ገለባውን ከመሃል ወደ ዳር አደላድላ መልሳ ዘረጋችው። ከዚያ አጎዛውን ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጋ አነጠፈች፤ ብርድ ከመሬት ስለሚመጣ ከታች ያልሞቀ አልጋ ከላይ ምን ቢደረብበት ዋጋ የለውም። አንሶላውን ወጥራ አለበሰችው። ጋቢውን ዘርግታ በአንሶላው ላይ አለበሰች፤ ባናውን ከጋቢው ላይ ደረበች። ጋቢው ሙቀቱን ይይዛል፤ ባናው ነፋሱን ይመልሳል፤ ሸካራውም ገላ አይነካም። በመጨረሻ ከራስጌ በኩል ጋቢውን አንድ ስንዝር ወደ ውጭ መለሰችው። ነጩ በጥቁሩ ላይ እንደ ጥለት ወጣ። ትራሱን ጥልፉ ወደ በሩ እንዲታይ አድርጋ አቆመችና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው።

አልጋው አማረ። ክፍሉ በሙሉ ሌላ ክፍል መሰለ። የምስለኔው ሚስት ብቅ ብለው፣ «ወይ ጉድ! ይኼ የእኛ ቤት ነው?» አሉ። የጠጄም ልብ ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ በራሷ ተናደደች።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ አሮጌ ዝተት ይዛ እማማ ወሰኔ ዘንድ ሄደች። አሮጊቷን ምድጃው ሥር ተኮራምተው፣ ጆንያ ተከናንበው አገኘቻቸው። ሳል ጀምሯቸዋል።

«ምነው ለእኔ አልነገሩኝም እማማ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ ልጄ? ያንቺንም ወስደውት የለ!» አሉ።

በሦስተኛው ጧት እንግዳው ሊሄዱ ነው ሲባል ጠጄ ባናዋን ልትቀበል ወጣች። የምስለኔው ግቢ ለመሸኘት በወጣ ሰው ሞልቷል። አለቃ ገብረ አማኑኤል በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። አፈወርቅና ወለተ ማርያም አጥሩ ሥር ናቸው። እማማ ወሰኔም ዝተቱን ተከናንበው፣ ጋቢዬ ይመለሳል ብለው መጥተዋል። በሰዉ መሃል የጭነት በቅሎ ቆሟል፤ ዓምደ ሚካኤል በላዩ አንድ ጥቁር ነገር አጣጥፎ በጠፍር ያስራል።

ጠጄ ጥቁሩን ከሩቅ አወቀችው። ሰዉን እየገፋች ደረሰች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ! ፊታውራሪ በጣም ስለወደዱት፣ ምስለኔው ለመታሰቢያ አበረከቱላቸው።»

«የማንን?»

«የጥድ አምባን ስጦታ።»

«ጥድ አምባ የት ቁጭ ብላ ፈተለችው? የተቀረውስ ልብስ?»

«ለሚቀጥለው እንግዳ ዕቃ ቤት ይገባል።»

ጠጄ ጠፍሩን ፈታ ባናውን ሳበችው። ዓምደ ሚካኤል ሌላውን ጫፍ ያዘ።

«ልቀቅ! ሦስት ዓመት የፈተልኩትን ልትበጥሰው ነው፣ ልቀቅ!»

ጩኸቷን ሰምቶ ግቢው ሁሉ ዞረ። ጸሐፊው ሰዉ ሁሉ እንደሚያየው ሲያውቅ እጁ ላላ። ባናው ሲዘረጋ ጠጄ መሃሉ ላይ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ አየች፤ ዙሪያዋ በእሳት ከስሏል። የእንግዳው ሲጋራ ነው። ባናውን ትከሻዋ ላይ ጥላ በቀጥታ ወደ እንግዳው ክፍል ገባች፤ ጋቢውን ከአልጋው ገፍፋ በሩ ላይ ቆመች።

«እማማ ወሰኔ! ይምጡ፣ ጋቢዎን ይውሰዱ!»

አሮጊቷ ግራ ቀኝ ሳያዩ መጥተው ተቀበሏት። ጠጄ ተመልሳ ገባች።

«ወይዘሮ ወለተ ማርያም! ትራስዎ ይኸው! አፈወርቅ፣ አንሶላህን ያዝ፤ ፍራሽህን ግባና ተሸከም! አለቃ፣ አጎዛዎ ይኸው! እዚህ ቤት የምስለኔው የሆነ ጠፍሩና ቁርበቱ ብቻ ነው፤ እነሱ ይቀመጡላቸው!»

ባለቤቶቹ በመጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ እየቀረቡ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የየራሳቸውን ወሰዱ። አለቃ አጎዛቸውን ከካባቸው ሥር ደበቁት። ምስለኔው ፊታቸው ቀልቶ፣ «ይቺን ሴት ያዙልኝ!» አሉ። ይኼን ጊዜ ፊታውራሪ ውባየሁ በቅሏቸው አጠገብ ሆነው እጃቸውን አነሱ።

«ምንድነው ነገሩ? ባለቤት ያለው መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ።

ጠጄ ቀርባ ቀዳዳውን በጣቷ ወጥራ አሳየቻቸው። «ባለቤት የሌለው ባና ከሰማይ ይወርዳል ጌታዬ? ይኼ የልጄ የሠርግ ልብስ ነው። ጋቢው ደግሞ የእኚህ አሮጊት ነው፤ ለእርስዎ አልጋ ተብሎ ተወስዶባቸው እሳቸው ጆንያ ለብሰው አደሩ።»

ፊታውራሪ ቀዳዳውን አዩት፤ እማማ ወሰኔንም አዩአቸው። «ይቅርታ» የሚል ቃል ግን አልወጣቸውም። «ዕቃዋን ስጧት። ፀሐዩ ሳይበረታ ልሂድበት» ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ፤ ምስለኔውንም በወጉ ሳይሰናበቱ ሄዱ። ጠጄን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይኼ ነበር። ባናውን መልሰውላታል፤ ግን ከመንገድ ላይ እንደሚነሳ ድንጋይ ነበር ዘወር ያደረጓት።

እንግዳው ከዓይን እንደራቁ ጠጄን ያዟት። «መንግሥትን አዋርዳለች» ተብሎ በግቢው ዘበኛ ቤት ተዘጋባት። ቀትር ላይ አለቃ ገብረ አማኑኤል ለሽምግልና መጡ።

«ልጄ፣ ነገሩን እናብርደው። ድንጋይ ተሸክመሽ ምስለኔው እግር ላይ ውደቂና ይቅር ይበሉሽ።»

«እኔ ልሸከም?» ጠጄ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «የወሰደው ቆሞ እየሄደ፣ የተወሰደባት ድንጋይ ትሸከም? ይኼ በየትኛው መጽሐፍ ተጻፈ? ዛሬ ጧት አጎዛዎን ማን አወጣልዎ አባቴ? ከካባዎ ሥር ሲከቱት እኮ አይቻለሁ!»

አለቃ መቋሚያቸውን አንስተው «እውነትሽን ነው» ብለው ወጡ። በቀጥታ ወደ አፈወርቅ ሱቅ ሄዱ፤ ከዚያ ወለተ ማርያም ዘንድ፤ ከዚያ እማማ ወሰኔን በአፈወርቅ ክንድ አስደግፈው አራቱም ምስለኔው ፊት ቀረቡ።

«ጌታዬ፣ ድንጋይ የሚያስፈልግ ከሆነ አልጋው ከአምስት ቤት ነው የተነጠፈ፤ አምስታችንም እንሸከማለን። ነገር ግን ዛሬ ገበያ ነው፤ መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ‹ለምን ተሸከማችሁ› ብሎ የጠየቀንን ሁሉ መንገር ይኖርብናል» አሉ አለቃ።

ምስለኔው ወሬው በገበያተኛ አፍ አውራጃ ድረስ ሲሄድ ታያቸው መሰል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠጄን አስለቀቋት። ዓምደ ሚካኤል በሩን ሲከፍትላት ዓይኗን ማየት አልቻለም። እሷም አልፋው ወጣች።

ሸማኔው ወዳጆ ቀዳዳውን ጠቀመው፤ ሆኖም ዳሰስ ላደረገ ሰው ያስታውቃል። አመተሥላሴ በጥር ተዳረች። ጠጄ የልጇን አልጋ ራሷ አነጠፈች፤ የሙሽራው እናትም ባናውን እያሻሹ ሲያመሰግኑ ጣታቸው ጥቅማቱ ላይ አረፈና «ይኼስ ምን ሆኖ ነው?» አሉ። ጠጄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ሴትዮዋም አፋቸውን ይዘው ሰሙ።

ምስለኔው በዚያው ዓመት ለእንግዳ ቤታቸው ብርድ ልብስ ከደብረ ብርሃን አስመጡ፤ ከዚያ ወዲያ ለአልጋ ልብስ ብሎ የሰው ደጅ የቆመ አልነበረም። ሰዎች ግን ጠጄ ነገሩን ባነሳች ቁጥር ይሰለቹ ጀመር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወለተ ማርያም፣ «ባናሽ ተመለሰ፤ ልጅሽም በደስታ ተዳረች። አሁን ምን ቀረሽ?» አሏት።

የእማማ ወሰኔ ሳል እስከዚያ ቀን ድረስ አልለቀቃቸውም ነበር። ከቤት ሳይወጡ ወር አልፏቸዋል።

«ያን የብርድ ሌሊት ሁሉ ማን ይመልስላቸዋል?» አለች ጠጄ፤ ነጠላዋን አጣፍታ የገብስ አጥሚት ለማድረስ ወደ አሮጊቷ ቤት አቀናች።