ከአስር አንድ

ሲስተር ሰርካዲስ ታብሌቷን ወደ ፊቴ አዞረችና፣ «ይኸው፣ አረንጓዴ ናት። ወረፋ ይጠብቁ» አለችኝ።

አረንጓዴ ያለቻት ልጄን ሜሮንን ነው። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። የኬሞ መድኃኒቷን ወስዳ ከተመለሰች ዘጠኝ ቀኗ ነው። በዚያ ዓርብ ጠዋት ከሸዋ ቤንች ሚዛን ተፈሪ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ ነበር። ትኩሳቷ ነጠላዬን አልፎ እኔን ያቃጥለኝ ነበር።

«ሲስተር፣ ልጄ እየነደደች ነው። አንዴ ንኪያት።»

«እማማ፣ ይህ ሁሉ ሰው መነካት ይፈልጋል። ቀይ የሆኑት ይቀድማሉ። የእርስዎ ልጅ ትናንት አንድ፣ ዛሬም አንድ። ቁጥሩን የላኩት ራስዎ ነዎት።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ!»

የሚዛን ተፈሪው ክሊኒክ ከ2009 መግቢያ ጀምሮ የካንሰር ሕመምተኞችን በስልክ ይከታተላል። ጠዋት ጠዋት «ታካሚዋ ዛሬ እንዴት ናት? ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይመልሱ» የሚል መልእክት ይመጣል። ስንመዘገብ ሲስተር አሠራሩን ለሜሮን በችኮላ ነግራታለች፤ ልጄ ግን መንገዱ አድክሟት ዓይኗን ጨፍና ነበር። እኔ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ስልኩም የኔ፣ ንባቡም የኔ ስለሆነ ኮርቼ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በቃላት ነበር የመለስኩት። «ልጄ አልበላችም፣ ያስመልሳታል፣ ፈራሁ» ብዬ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ «መልስዎ አልታወቀም። ቁጥር ብቻ ይላኩ» የሚል መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄን አይቼ ቁጥር እልካለሁ። እሷንም በጥያቄ አላደክማትም።

ማክሰኞ ዕለት ሜሮን አጥሚት ጠጣች፤ ሳቀችም። ደስ ብሎኝ ስምንት ላክሁ። ወዲያው ሲስተር ደወለች። «አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ!» ደንግጠን ሄድን። ሜሮን በእግሯ መግባቷን ስታይ፣ «በሰው ሥራ ትቀልዳላችሁ?» ብላ በሰው ፊት ጮኸችብን። ልጄ ስለተሻላት ተናደደች ብዬ ቂም ያዝኩባት። እውነቱን ለመናገር፣ ቤቴ ገብቼ ረግሜያታለሁ።

አሁን ደግሞ ወረፋ ትለኛለች።

«ስትስቅ ትጠሪያታለሽ፤ ስትነድ ትመልሻታለሽ! ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ሰብስቢ!» እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ልጅ አንቺ አለችኝ። «አንድ ብለሽ ልከሽ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?»

«ከአስር አንድ ላገኘ ሰው የሚጨነቅ የለም? መምህር እንድርያስ ከአስር አራት ያገኘሁ ቀን ምን ሆነሽ ነው ብሎ ቤቴ ድረስ መጥቷል!»

የትምህርት ደብተሬን ከዘንቢሌ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወርኩት። መምህር እንድርያስ በቀይ እስክሪብቶ ያረመው ገጽ ተገለጠ። ከአስር ዘጠኝ። ከአስር አራት። ከአስር ስምንት፣ «ጎበዝ» የሚል ያለበት።

ሲስተር ደብተሩን አየች። ከዚያ ጣቷ ታብሌቱ ላይ ወደ ኋላ ሄደ። ዛሬ አንድ፣ ትናንት አንድ፣ ረቡዕ ሁለት፣ ማክሰኞ ስምንት።

«አስር ማለት እኮ የመጨረሻው ክፉ ሕመም ነው» አለች ቀስ ብላ። «ደህና የሚባለው ዜሮ ነው።»

«ዜሮ ደህና የሚሆነው በየት አገር ነው?» አልኳት፤ ግን ገባኝ። ልጄ ስትነድ፣ በገዛ ጣቴ ደህና ናት እያልኩ ቁጥር እልክ ነበር።

ወረፋ የያዙት ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ ጉሮሯቸውን የሚታከሙ ሽማግሌ፣ በሻከረ ድምፅ «ታዲያ እኔ አምስት የምልከውስ?» አሉ። «መሐሉን ካልኩ ማንም አይቸገርም ብዬ ነው እንጂ።»

ሲስተር ቴርሞሜትሩን ሜሮን ብብት ውስጥ አስገባች። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ያን ጊዜ አልጋ አምጡ፣ ሐኪሙን ጥሩ እያለች መሮጥ ጀመረች።

«ትናንት መምጣት ነበረባት!» አለችኝ ስታልፍ።

«የጠራሽን በሳቀች ቀን ነው!»

ሐኪሙ የኬሞ መድኃኒቱ የልጄን ደም በሽታ የሚከላከልበትን አቅም እንዳሳጣው፣ ኢንፌክሽንም እንደገባባት ነገረኝ። «እስከ ማታ ብትቆይ ኖሮ...» ያለውን ግን አልጨረሰውም። በደም ሥሯ መድኃኒት ጀመሩላት።

ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ይዤ ሲስተር ፊት ቆምኩ። «ዜሮ ምን እንደሆነ፣ አስር ምን እንደሆነ በእጅሽ ጻፊልኝ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«እኔም ልጅ አለኝ።»

እስክሪብቶዬን ነጠቀችኝ። በጣም ተጭና ስለጻፈች ወረቀቱ ተቀደደ። ያንኑ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ዜሮ፣ ምንም ሕመም የለም። አስር፣ የማይ... የማይቻል ሕመም። ትኩሳት ካላት ቁጥር ሳትልኪ ይዘሻት ነይ።» ወረፋ የያዙት ሁሉ ሰሙ። እሷ ይቅርታ አላለችኝም፤ እኔም አላልኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ስልኬ ጮኸ። ያው መልእክት ነው፤ አንድም ቃል አልተቀየረም። ሜሮን ነቅታለች። ትኩሳቷ ቢቀንስም አፏ ውስጡ ቆስሎ ምራቅ መዋጥ አቅቷታል።

«ስንት ልበል፣ ልጄ?» አልኳት። ከተመዘገብን ጀምሮ ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነው።

«ስምንት» አለች።

ጣቴ ቁጥሩ ላይ ቆመ። መምህር እንድርያስ ስምንት የሰጠኝ ቀን ደብተሬን ለጎረቤት ሁሉ አሳይቻለሁ። ተጫንኩት።

ኮሪደሩ ላይ ታብሌት ሲጮህ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሲስተርን ጫማ። ገባች። ሰላም አላለችኝም፤ እኔም አልተነሳሁላትም። ለሜሮን ማስታገሻ ሰጠቻት፣ አፏንም በባትሪ አየችላት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«ከሰዓት በኋላ ደግመሽ ላኪ። ግን እሷን ጠይቀሽ።»

«ጠይቄያት ነው የላክሁት» አልኳት።