የጎመኑ ዘበኞች

ባልየው የመድኃኒት መርጫውን ጀርባው ላይ እንዳዘለ ወጥ ቤት ገባና፣ ከጎመኑ ሥር የለቀማቸውን ቀያይ ጥንዚዛዎች ከነሳህኑ ምድጃው አጠገብ ቁጭ አደረጋቸው።

«ይኸውልሽ ዘበኞችሽ! ብርዱ ፈጃቸው። ያ ቅጠል መጣጭ ተባይ፣ ክሽክሹ ግን ብርድ አይል ጉም አይል፣ እየተራባ ጎመኑን ሙልጭ ሊያደርገው ነው። አሁን እረጫለሁ፣ በቃ!»

ሚስቱ አንጀቷ አረረ። ሰሞኑን ሁሉ «መርዙ ጥንዚዛዎቹንም ይገድልብናል፤ ተዋቸው፣ ክሽክሹን እነሱ ይበሉልናል» እያለች የተሟገተችው ለዚህ ኖሯል? አንገቷን ደፍታ ሳህኑን ስታይ፣ አንዷ እግሯን አወራጨች።

«እንዴ!»

ሌላዋ ተገለበጠች። የምድጃው ሙቀት ሲደርሳቸው ሳህኑ ተርመሰመሰ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! አንዷ መጋረጃው ላይ፣ አንዷ ድስት ክዳኑ ላይ፣ አንዷ ደግሞ ባልየው አፍንጫ ላይ ጉብ!

«አልሞቱም! ደንዝዘው ነው እንጂ!» ሚስትየው በደስታ ዘለለች። «ፀሐይ ትውጣ ብቻ፣ ክሽክሹን ልክ ያስገቡልሃል!» ጎረቤት ልትጠራ ሮጣ በሩን ብርግድ አደረገችው። ቀዝቃዛው ነፋስ ሽው ብሎ ገባ።

ባልየው መርጫውን ከጀርባው አሽቀንጥሮ ጥሎ ወደ በሩ ተንደረደረ።

«ዝጊው አንቺ ሴትዮ! ዘበኞቻችንን ብርድ ልታስመቺ ነው?»