የንቦቹ ስኳር

«ለንቦቹ ነገርሻቸው?» አለች ዶርካስ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ሄስተር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። የጌታቸው መርዶ ያልደረሳቸው ንቦች ቀፏቸውን ጥለው ይሄዳሉ።»

«ምን ብዬ ላርዳቸው? ጌታችሁ ስኳራችሁን ሰርቆ ሸጦ ሞተ ልበላቸው?»

ጎረቤቷ ዶርካስ ሻይ ልትጥድ ወደ ጓዳ ገባች። ሳሎኑ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው። ትናንት የሞተው የሄስተር ባል ሩበን፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ በሚለብሳት ነጭ ሸሚዝ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ቀብሩ ዓርብ ነው። በእንግሊዟ መንደር በኮልድብሩክ ሰው ሲሞት ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፤ ጦርነቱ በገባ በአራተኛው ዓመት እንኳ ሰው ከራሽን ሻዩ ቆንጥሮ ይዞ ይመጣል። ለሩበን የመጡት ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ዓይናቸውን ከሸሚዙ እጅጌ ላይ አልነቀሉም። እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ ያልለቀቀ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ።

መንግሥት ለንብ አናቢዎች የሚያድለውን ስኳር አረንጓዴ ቀለም ይነክረዋል፤ ሰው ሰርቆ ሻዩ ውስጥ እንዳይጨምረው ነው። ለመንደሩ ሰባት አናቢዎች የመጣውን ጆንያ ፈርሞ የተረከበው ሩበን ነበር። ጆንያው የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መጋዘን ገባ። የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ሩበን ዘንድ፣ ሌላው የስንቅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ወይዘሮ ፔል ዘንድ። በሚያዝያ ሲከፈት ጆንያው ግማሽ ሆኖ ተገኘ።

ወይዘሮ ፔል በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነስታ «ፈራሚው ይጠየቅ» አለች። ለንደን ላለ ሆቴል ሸጦታል ተባለ። ስለ ሁለተኛው ቁልፍ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ሊቀመንበር እንዴት ይጠረጠራል? መንደር ለፍርድ ሲቀመጥ ከማስረጃው በፊት የሚያየው የተከሳሹን ካፖርት ነው፤ የሩበን ካፖርት ደግሞ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ሌባው እሱ ነው የምትሉ እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ።

ሩበን «አዎ፣ ፈርሜያለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ቤት ሲመጣ ሄስተር ጮኸችበት።

«አፍ የለህም? አልወሰድኩም ማለት እንዴት ያቅትሃል?»

«ንቦቹ በክርክር አይጠግቡም፣ ሄስተር» አለና የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር የራሱን ድርሻ ለስድስቱ አናቢዎች ሊያከፋፍል ወጣ።

ጸደዩ ብርዳምና ዝናባም ነበር። ከአምስቱ ቀፎዎቹ ሁለቱ በረሃብ አለቁ። የሞቱትን ንቦች በእጁ እየዘገነ ሲቀብር በመስኮት አይታዋለች። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አልሄደም። ማክሰኞ ጠዋት ባቄላው መሐል ወድቆ አገኘችው።

በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ፔል ነበረች፤ ኮፍያዋ ላይ ጥቁር ጥብጣብ አስራ፣ በእጇ ከአረንጓዴ ጎምዛዛ ፍሬ የተሠራ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ ይዛ።

«የዘንድሮ ጉዝቤሪ ነው፤ ለቁስለኞች ሆስፒታል ከላክነው የተረፈ» አለች። ወደ ሬሳ ሣጥኑ ጠጋ ብላ አንገቷን ሰበር አደረገች። «ሄስተርዬ፣ ያለፈው አልፏል። ኮሚቴው ሩበንን ይቅር ብሎታል።»

ሄስተር ብልቃጡን ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ያንን ቃል በማውጣቷ ቀኑን ሙሉ ምላሷን ስትረግም ዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ዶርካስ ዳቦ ቆርሳ ማርማላታውን ቀባችላት። ሄስተር ልትጎርስ ስትል እጇ ተገታ።

«ዶርካስ፣ ጉዝቤሪ ከስኳር ጋር ሲፈላ ምን ይሆናል?»

«ይቀላል እንጂ። የኔ ዘንድሮ ጽጌረዳ መስሏል።»

«ይሄስ?»

ዶርካስ ብልቃጡን ወደ ጓዳው መስኮት ወስዳ አየችው። ፍሬው ገና አሁን የተቀጠፈ ይመስል አረንጓዴ ነው።

«በመዳብ ድስት ከተሠራ እኮ ብዙም አይቀላም» አለች። ሰው ለመጠርጠር አትቸኩልም።

«የመዳብ ድስቷን አምና ለጥይት ይቅለጥ ብላ አደባባይ ላይ አስረክባለች። ንግግር አድርጋ። እኔም አንቺም አጨብጭበናል።»

ሄስተር ነጭ መሐረብ አምጥታ ማርማላታውን ነካ አደረገችበትና በውሃ አለቀለቀችው። ፍሬው ታጥቦ ሄደ፤ ቀለሙ ቀረ። መሐረቡን ይዛ ሳሎን ገባች፤ ከሩበን እጅጌ አጠገብ ዘረጋችው። አንድ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ፔል ስለ ቀብሩ ሻይና ስኒ ልትነጋገር መጣች። የኮሚቴዋ ጸሐፊ ኢዲትም አብራት ነበረች። ሄስተር ሻይ ቀዳች፤ ዳቦውን ማርማላታ ቀብታ አቀረበች።

«የራስሽን ሥራ ብዪ እንጂ፣ ዊኒፍሬድ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ፔልን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «እርስዎ» ስትላት ነው የኖረችው። ወይዘሮ ፔል ስኒዋን አስቀመጠች።

«ምን ሆነሻል፣ ሄስተር?»

«መጀመሪያ ከሩበን እጅጌ ጋር አስተያዪው። ከዚያ ትበያለሽ።»

ኢዲት ከዳቦው ወደ መሐረቡ፣ ከመሐረቡ ወደ እጅጌው ተመለከተች። «በመዳብ ድስት...» ብላ ጀመረችና ተወችው። እሷም ከአጨብጫቢዎቹ አንዷ ነበረች።

«አንዲት ማንኪያ ለራሴ አልቀመስኩም» አለች ወይዘሮ ፔል። «ለቁስለኞቹ ነው። በአውራጃው ከኛ በላይ የላከ መንደር የለም።»

«ለቁስለኞች ነው ብትይው ሩበን ራሱ ተሸክሞ ያመጣልሽ ነበር። ለምን አልጠየቅሽውም? ምስጋናውን ላለመካፈል ነዋ።»

«ሰው ከሞተ በኋላ እንዲህ...»

«ከመሞቱ በፊትስ? ሦስት ወር በመንገድ ባየሽ ቁጥር ባርኔጣውን አነሳልሽ። ፊትሽን አዞርሽበት። ይሄ ሳያንስ ሬሳው ፊት ቆመሽ ይቅር ብለነዋል አልሽኝ። ስኳሩን አንድ ቀን እረሳልሽ ይሆናል። ይቅርታሽን ግን አልረሳውም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነገ አፈር ሳይለብስ፣ በስብሰባው ላይ ባወጣሽው ድምፅ ልክ እውነቱን ተናገሪ።»

«ስሜ ምን ይሆናል?»

«የሱ ስም የሆነውን። አንቺ ግን በሕይወት ቆመሽ ትሰሚዋለሽ።»

ወይዘሮ ፔል ዘወር ብላ ኢዲትን ተመለከተች። ኢዲት ጓንቷን እያጠለቀች ተነሳች።

«እሷ ካልተናገረች እኔ እናገራለሁ» አለች ለሄስተር። «እኔም ያን ቀን እጄን አውጥቻለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ሄስተር ከአሮጌ ቀሚሷ ጥቁር ጨርቅ ቀደደች። የቤቱን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አውርዳ ወደ ጓሮ ወጣች። እንደ አገሩ ደንብ የመጀመሪያውን ቀፎ በቁልፉ ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

«ሩበን ሞቷል» አለች። «ስኳራችሁን አልነካም።»

ውስጥ ያለው የንቦቹ ድምፅ ከፍ ብሎ ረገበ። ከጥቁሩ ጨርቅ ቁራጭ ቀፎው ላይ አስራ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሄደች፤ ያንኑ ነገረቻቸው። ቀጥላ ወደ አራተኛው ተራመደች።

«ሄስተር፣ እነዚያ እኮ ባዶ ናቸው» አለች ዶርካስ ከደጃፉ።

ሄስተር ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ቀፎው ላይ አስደገፈችና ጠበቀች።