ለልጣጭ የፈሰሰ ደም

ግንቡን የምትደበድበው ሚስቱ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፊት ለፊት የሚናገረው ግን የለም፤ ምክንያቱም ግንቡ ከሚስቱ ዱላ በቀር የማንንም ዱላ ችሎ አያውቅም።

በጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ጫኝ ነው። ትከሻው በር ያህላል፤ “ግንቡ” የሚለው ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሚስቱ ከብብቱ አታልፍም። ድሮ ዝንብ እንኳ ለምና የምታስወጣ ሴት ነበረች። ከዚያ አንጎሏ ታመመ። ሐኪሙ “የአንጎል ብግነት ነው” አለው። ግንቡ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቅ፣ “ቁስል ሲያብጥና ሲግል አይተህ የለ? እንደዚያ ነው፤ ይሄኛው ግን ራስ ቅል ውስጥ ነው፣ ማበጫ ቦታ የለውም” ተባለ። ክኒኗን ስትውጥ ይበርድላታል። አንዳንዴ ግን ክኒኑንም ጥሶ ይነሳባታል። ያን ጊዜ ባሏን አታውቀውም። ቤቷ የገባ ሌባ ይመስላታል፤ ሌባ ደግሞ እጅ ላይ በተገኘው ነገር ነው የሚመታው።

የዚያን ዕለት ጠዋት እጇ ላይ የተገኘው የድስት ክዳን ነበር። ግንባሩን ተረተረችው። ልትደግመው ስትሰነዝር ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን ያዘ። አያያዙ የራሱ ነው፤ አውራ ጣቱን ከአጥንቷ ያርቃል፣ ልክ እርጥብ ጠርሙስ እንደሚይዝ፣ እንዳያመልጠውም እንዳይሰበርም አድርጎ። ከዚያ ሁልጊዜ የሚላትን አላት።

“እኔ ነኝ። የቤቱ ሰው ነኝ። ቆይ፣ ያልፋል።”

ክንዱን ነከሰችው። አልለቀቃትም። ቆይቶ አለፈላት። ስትረጋጋ ደሙን አየችና፣ “ምን ሆነህ ነው?” አለችው።

“በሩ መታኝ።”

“ይሄ በር አንድ ቀን ይገድልሃል” አለችና ጨርቅ አርጥባ ጠረገችለት።

ግንቡ ዱላውን አይፈራም። የሚፈራው ሐኪሙ ሲሸኘው የነገረውን ነው፤ ብግነቱ በተነሳ ቁጥር ከአእምሮዋ የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ አንድ ቀን አንተኑ ይዞህ ሊሄድ ይችላል፣ ያን ጊዜ ቢበርድላትም አታውቅህም።

ሥራ ሲገባ ዘበኛው ፕላስተሩን አይቶ፣ “ለካ ግንብም ይሰነጠቃል” አለ። ዘበኛው ሽማግሌ ስለሆነ ተፈቅዶለታል።

በጓሮው የብርቱካን ልጣጭ ተከምሯል። ከመጭመቂያው ሥር የዕለቱ ይወድቃል፤ ከአጥሩ ጥግ ደግሞ የሰነበተው ጠቁሮና ኮምጥጦ፣ ዝንብ ለብሶ ይተኛል። ይህን ቆሻሻ ለመኖ ብሎ ለዓመታት ሲያነሳ የኖረው አንድ ከብት አድላቢ ነው። ሰሞኑን ግን አንዲት ተመራማሪ ዶክተር ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ ልጣጭ እየመረጠች በጆንያ ማስጫን ጀምራለች። ግንቡ ጆንያውን ሲያነሳላት ጠየቃት።

“ማርማላታ ሊሠሩበት ነው ዶክተር?”

“የለም። ውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር አውጥተን አይጥ ላይ እንሞክረዋለን። አንጎላቸው የበገነ አይጦች አሉን፤ እብጠቱን የሚያበርድላቸው ይመስላል።”

ግንቡ ጆንያውን መልሶ አስቀመጠው።

“አይጦቹ ባላቸውን ይመታሉ?”

ዶክተሯ ቀና ብላ ፕላስተሩን አየች። አልሳቀችም። “ባለቤትዎ ናቸው የታመሙት?” አለች። እሱም ራሱን ነቀነቀ።

“እንግዲያው በደንብ ይስሙኝ። አይጥ ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ አይሠራም። ልጣጩ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ነው፣ አፍልተው እንዳያጠጧቸው። ክኒናቸውንም አንድ ቀን እንዳያስቋርጧቸው።”

“ለሰው መቼ ይደርሳል?”

“ከደረሰ ዓመታት ይፈጃል። ያውም ልጣጩ ካልተቋረጠብን።”

ግንቡ ታዛዥ ሰው ነው። አፍልቶ አላጠጣትም፣ ክኒኗንም አላስቋረጣትም። ግን “ካልተቋረጠብን” የምትለው ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ ገብታ አበጠች። አድላቢው መንሹን ትከሻው ላይ ጥሎ በጓሮ በር ሲገባ፣ ግንቡ ያየው ሚስቱን በጆንያ ሊጭን የመጣ ሰው ነው።

“ከዛሬ ጀምሮ አትነካትም” አለው።

“ማንን?”

“ልጣጯን።”

“ማን ስለሆንክ ነው?”

“ግንቡ።”

“ግንብ ማለት” አለ አድላቢው፣ “ውሻ እግሩን የሚያነሳበት አይደል?”

አንድ ጥፊ ነበር። አድላቢው ከነመንሹ ተሽከርክሮ ወደቀና አንድ ጥርሱን ከነደሙ መዳፉ ላይ ተፋ። እንደ ባቄላ ፍሬ አገላብጦ አየው፣ ኪሱ ከትቶት ወጣ። ከሩቅ ሲያይ የነበረው ዘበኛ አገጩን አከከ። “ጥርሱን ይዞ የሄደ ሰው ይመለሳል” አለ።

በማግስቱ ተመለሰ። ጎረምሳ ልጁን አስከትሏል፤ ልጁ የውኃ ቧንቧ ብረት ይዟል። ግንቡ የዕለቱ ልጣጭ ላይ ቆሞ በአካፋ ጠበቃቸው።

አድላቢው መንሹን ሰነዘረ፤ ሹሉ የግንቡን ጭን ወግቶ ቆመ። ግንቡ መንሹን ከጭኑ ሳይነቅል አካፋውን አወረደው። የአድላቢው ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ ሰውየው ራሱ ቆይቶ ነው የጮኸው። ልጁ ከኋላ በቧንቧው ወገቡን አለው። ግንቡ ዞሮ አንገቱን አነቀና ከመጭመቂያው ብረት ጋር አጋጨው፤ አፍንጫው ተጠፍጥፎ ቀረ፤ ደገመው፣ ቅንድቡ ተከፈተ። ሊሰልስ ሲል ልጁ በደም የታወሩ ዓይኖቹን ጨፍኖ ቧንቧውን ወደ ላይ ሰነዘረ። የግንቡን ራስ አገኘው። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ እንቁላል ሲሰበር ያህል።

ግንቡ ልጣጩ ላይ በግንባሩ ተደፋ። አድላቢው ክንዱ ተንጠልጥሎ ሳለ በእግሩ ይረግጠው ነበር፤ ዘበኛው በዱላው ጉልበቱን ሰብሮ እስኪያስቀምጠው ድረስ።

ዶክተሯ ጆንያዋን ይዛ ስትደርስ ደሙ ልጣጩን አዳርሶ ነበር። ጓንቷን አውልቃ የግንቡን ራስ ይዛ ተንበረከከች። ዘበኛው አምቡላንስ ጠርቶ ከአድላቢው አጠገብ ተቀመጠ።

“ለመሆኑ በምን ተጣላችሁ?”

“ልጣጬን ከለከለኛ።”

“የቱን?”

“የኮመጠጠውን ነዋ፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን። ትኩሱን ከብቶቼ መች ያሸቱታል?”

ዶክተሯ ከግንቡ ራስ ላይ ቀና አለች። “እኛ እኮ ትኩሱን ብቻ ነው የምንወስደው። ያደረ አይሆነንም።”

ሁሉም ወደ ሁለቱ ክምር ዞረው አዩ። መካከላቸው ጋሪ ያሳልፋል።

“እኔስ” አለ ዘበኛው፣ “የቆየ ቂም ያላችሁ መስሎኝ ነው።”

ግንቡን ሆስፒታል አስተኙት። ምቱ አንጎሉን አሳብጦታል ተባለ። ሚስቱ የመጣችው በደህና ቀኗ ነበር፤ ክኒኗን ውጣ፣ ፀጉሯን አበጥራ። አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሳለ ዓይኑን ገለጠ። አንዲት ደቃቃ ሌባ አልጋው ላይ ተቀምጣ አየ።

እጁ ላይ የተገኘው የብረት ኩባያ ነበር። ቅንድቧን ተረተረው። ነርሷ ጠባቂ ለመጥራት ስትሮጥ ሚስትየዋ፣ “ተይው እህቴ። ማንም እንዳይነካው” አለቻት።

ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቹን ያዘች። እጆቿ አልዞሩላቸውም፤ አውራ ጣቶቿን ግን ከአጥንቱ አራቀች፣ ልክ እርጥብ ጠርሙስ እንደሚያዝ።

“እኔ ነኝ” አለችው። “የቤቱ ሰው ነኝ። ቆይ፣ ያልፋል።”

ክንዷን ነከሳት። አልለቀቀችውም። ደሙ ከቅንድቧ እየተንጠባጠበ አንሶላው ላይ ሲወርድ፣ ያንኑ ደጋግማ አለችው። ቆይቶ አለፈለት። ትንፋሹ ረገበና አወቃት።

“ምን ሆነሽ ነው?” አላት።

“በሩ መታኝ።”

ግንቡ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና የክፍሉን በር ፈለገ። መጋረጃ ነበር።