ቀጭኑ ሽቦ

የመኪናዋ መብራት አልደበዘዘም።

«እስቲ እንደገና አዙሪው፣ እትዬ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ።

የወንድሙ ሚስት ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ዝም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንኳ የለም። ጥላ ባረፈበት የግቢ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ሁለት የመብራት ክቦች ግን እንደ ደመቁ ቆዩ። ባትሪው ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማዞር ሲታገል መብራቱ ይፈዝ ነበር። ባትሪው ደህና ነው። ታዲያ ታላቅ ወንድሙ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ባትሪው ሞቷል» ሲል የከረመው ለምንድን ነው? ያውም ይህን ሙያ ያስተማረው እሱ ራሱ ሆኖ።

«ምነው ዋርሳዬ፣ እንደ ሐኪም ዝም አልክ? ሞቷል ወይስ ይተርፋል?»

ቀልዷን ሳቅ አልተከተለውም። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እሷ ግን ሁለት ሹራብ ደርባ፣ በላዩ ኮት ለብሳለች። ሲያያት አየችው።

«ሻንጣ ብይዝ ጎረቤት ለወንድምህ ይደውልለታል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናቴ ጋ ልሄድ ነው። አልመለስም። ለምሳ ሳይመጣ መውጣት አለብኝ።»

መስኮቱን ዘጋች። እሱ ጎንበስ ብሎ እጁን ከሞተሩ ሥር ሰደደና ወደ ሞተሪኖው የሚወርደውን ቀጭን ሽቦ በጣቶቹ ተከተለው። ሽቦው ከመሰኪያው ተነቅሏል። ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ከወፍራሙ ገመድ ጀርባ ተሸጉጧል። አይጥ አልቆረጠው፣ የመንገድ መንገጫገጭ አልነቀለው። የፕላስተሩ መጨረሻ ወደ ውስጥ ታጥፎ ትንሽ ምላስ ሠርቷል። እንዲህ የሚጠቀልል የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ነገ የሚፈታው ሰው ጥፍሩን እንዳይጎዳ» ይለው ነበር ወንድሙ ሲያስተምረው።

የፕላስተሩን ምላስ ይዞ ሳበ። ፕላስተሩ በአንድ ጊዜ ተፈታ። ሽቦውን ሰክቶ ቀና እንዳለ ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለ ወንድሙ።

«ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ነው፣ ጋሼ።»

«ቴስተርህን ከሱቅ ይዘህ? ዕቃ በኤሌክትሪክ መለኪያ መግዛት ተጀመረ እንዴ?» አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ቤቴ ነህ። ባትሪው ሞቷል፣ አይደል?»

ኤሌክትሪሺያኑ እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ድምፅ ዋሽቶት አያውቅም ነበር።

«አዎ፣ ጋሼ። ሞቷል።»

ይህን እያለ ከተከፈተው የሞተር ኮፈን ጎን ወጣ ብሎ፣ እንዳታስነሳ እጁን አነሳላት። ከፊት መስታወቱ ኋላ ያለችው የወንድሙ ሚስት ግን ምልክቱ «አስነሺ» የሚላት መሰላት። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ።

የሞተሩ ድምፅ በስልኩ ውስጥ አለፈ።

«ጥሩ አድርገህ ሠርተኸዋል» አለ ወንድሙ በለሰለሰ ድምፅ። «መታጠፊያው ጋ ደርሻለሁ። በሩን ክፈትልኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ኮፈኑን ዘጋው። መወርወሪያውን ስቦ የግቢውን የብረት በር በአንድ በኩል ከፈተ፤ ከዚያ በሌላውም በኩል፣ እስከ ግድግዳው ድረስ። ወጥቶ መንገዱ መሃል ላይ፣ ጀርባውን ለግቢው፣ ፊቱን ለመታጠፊያው ሰጥቶ፣ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። እጆቹን የሚያደርግበት ቢያጣ ወደ ታች ለቀቃቸው።

ከኋላው መኪናዋ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረች። ከፊት ለፊቱ፣ ገና ከማይታየው የወንድሙ መኪና፣ ረጅም ጡሩምባ ተነፋ።