የተያዘ ስም

ጊትል ሎድዝ ከተማ የወንድሟን በር ስታንኳኳ ከጦርነቱ የተረፋት ስሟ ብቻ ነበር። ድሮ በአባቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር። ጀርመኖች ገብተው አይሁዱን በባቡር ጭነው ለሞት ሲወስዱ ዘልላ አመለጠች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በአንድ ገበሬ ቤት ማሪና ተብላ፣ አንገቷ ላይ መስቀል አስራ፣ አሳማ ስትቀልብ ኖረች። በእንቅልፍ ልቧ እውነተኛ ስሟን እንዳትናገር ትፈራ ነበር።

ወደ ሩሲያ ሸሽቶ የተመለሰው ወንድሟ ሄርሽ በሩን ከፈተ። አያት። እጇን ዳሰሰ። ከውስጥ ሚስቱ ጸርል ሕፃን ታባብላለች፦ «እሹሩሩ ጊትልዬ፣ እሹሩሩ።»

ጊትል «አቤት» አለች።

እኛ አይሁድ ዘንድ ልጅ የሚሰየመው በሞተ ዘመድ ነው። በሕያው ሰው ስም መሰየም ሞትን መጥራት ነው፤ መልአከ ሞት ሲመጣ ይሳሳታልና። ሄርሽ ባቡር ላይ ስትጫን ያዩ ሁለት ሰዎች እንደ መሰከሩ፣ የሙታን ጸሎት እንዳደረሰላት፣ ሻማ እንዳበራላት እየተንተባተበ ነገራት። ጊትል ይቅርታ ልትጠይቀው ዳዳት፤ ስለ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ጸርል ሻይ ቀዳችላት፤ ዳቦ ቆረሰችላት። ብቻ እዚያ ጣራ ሥር እንዳታድር ለመነቻት። ጊትል ግራ ገባት። ሕፃኗ ስሙን ትመልስ? ወይስ እሷ ተመልሳ ማሪና ትሁን?

ሄርሽ ሮጦ ሄዶ የሰፈሩን ሽማግሌ፣ ረብ ፒንኸስን አመጣ። ሽማግሌው ሁለቱንም ጊትሎች ተራ በተራ አዩ።

«ለታመመ ሰው ስም ሲጨመርለት አላያችሁም? ሕፃኗን አልተ ጊትል በሏት።»

አልተ ማለት አሮጊት ማለት ነው።

«ጥርስ ሳታበቅል አሮጊት?» አለች ጸርል።

«እኔም ጥርስ የለኝ፤ ምን ሆንሁ? መልአኩ ሕፃን ፈልጎ ሲመጣ አሮጊት ያገኛል። ግራ ይግባው። እስከ ዛሬ ግራ የገባን እኛ ነን።»

ጸርል ሕፃኗን አምጥታ ጊትል ጭን ላይ አስቀመጠቻት፤ አልጋ ልታነጥፍም ተነሣች።

«ጊትል፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለ ሄርሽ።

ጊትል መጀመሪያ ሕፃኗን አየች። ከዚያ ብርጭቆውን አነሣች።