ያልተወጋው ረድፍ

የእህል መጋዘን መርማሪው ፕሮስቴቱ ሁለት ጊዜ በመርፌ ተወግቶ ናሙና ተወስዶለታል፤ ሁለቴም ካንሰር አልተገኘበትም። የደም ምርመራው ቁጥር ግን ሽቅብ መውጣቱን አልተወም።

«ሁለቴ ደህና ነህ ተብዬ ደግሞ ለሦስተኛ? እኔ ወንፊት ነኝ እንዴ!» ብሎ ሐኪሟ ላይ ቱግ አለ።

«አባዬ፣ ተው እንጂ» አለች አብራው የመጣችው ልጁ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እስካሁን የወጋነው በፊንጢጣ በኩል ነው። በዚያ መንገድ የፕሮስቴቱ የፊተኛው ጎን እምብዛም አይደረስበትም። እንደ ድሮው ልንደግመው እንችላለን፤ ወይም አጠራጣሪውን ቦታ በኤምአርአይ ለይተን ከቆለጥ ሥር ባለው ቆዳ በኩል እንገባለን። የትኛው ይሻልዎታል?»

«አይደረስበትም» የሚለው ቃል የራሱን መጋዘን አስታወሰው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆንያ በሹል ቱቦ እየወጋ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሲፈርም ኖሯል። አምና ግን ነቀዝ የመጋዘኑን እህል ዱቄት አደረገው። «ሦስት ጊዜ ወግቼዋለሁ!» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ተከራከረ፤ አልዋሸም። ግን ግድግዳው ጥግ ድረስ ማን ጆንያ ይጎትታል ብሎ፣ ሦስቱንም ጊዜ የወጋው የበሩን ረድፍ ነበር። ይህን ለማንም፣ ለልጁም እንኳ አልተናገረም።

ቀና ብሎ ሐኪሟን አያት።

«በግድግዳው በኩል ይውጉኝ» አለ።